ማዕዘኑ የተሞረደው ላሜራ

ኧረ ተዉኝ እናንተዬ! ይህን ክፍል ልጽፍ ተቀምጬ ስንቴ እንደተነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እስካሁን አብራችሁኝ የነበራችሁ ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ገና የመጣችሁም እንግድነት አይሰማችሁ፤ ታሪኩ ብዙ ሰው የለበትም። አንዲት ልጅ፣ አንድ ልጅ፣ በመካከላቸው ደግሞ ከትሪ የማትሰፋ አንዲት መስኮት ናት።

ልጅቷ የላሜራ ፋብሪካው ባለቤት ልጅ ናት። ሥራዋ ፍተሻ ነው። ውጭ ለሚቆሙ የመብራት ሳጥኖች የሚሆን፣ ዝናብ የማያርፍበት ላሜራ ለመሥራት ሠሪዎቹ ደፋ ቀና ሲሉ ከርመው ያመጡላታል። እሷ ውሃ ታንጠባጥብበታለች፣ በማሽን ታስፈገፍገዋለች፣ እንደገና ታንጠባጥብበታለች፣ ከዚያ ቀና ብላ «አይሆንም» ትላለች። በዚህ የተነሳ ሠራተኛው በሌለችበት «ወይዘሪት አይሆንም» ነው የሚላት። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም ቤቷ ስትገባ መስታወት ፊት ቆማ ለራሷ ብላው ትስቃለች።

ልጁ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ላሜራ ላይ አጎንብሶ የውሃ ጠብታ ሲመለከት ስለሚውል «ጠብታ» ብለውት በዚያው ቀረ። እናቱ ልብስ እየሰፉ ያሳደጉት፣ ለደህና ቀን የሚለብሳት ሸሚዝ አንድ ብቻ የሆነችበት፣ ግን ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው።

እና ተዋደዱ። እንዴት አትሉም?

መጀመሪያ ስለ ላሜራው ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ውሃ የሚሸሸው ላሜራ መሥራት ብቻውን ያን ያህል ጉድ አይደለም። አሉሚኒየሙን አጥቦ በሚንተከተክ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲያቆዩት ፊቱ በዓይን በማይታይ መልኩ ይሻክራል። ከዚያ ሻማ የሚሠራበትን ዓይነት ስብ በሞቀ አልኮል አሟምተው ይነክሩትና ያደርቁታል። በቃ፣ የጣሉበት ውሃ እንደ ዶቃ እየተሰበሰበ ይንከባለላል። ያምራል! ችግሩ መቆየቱ ላይ ነው። አንድ ቀን ጨርቅ ሲያርፍበት ያ ስስ ነገር ይጠፋል፤ ውሃውም ተንጣሎ ይተኛበታል። እንደ አንዳንድ ወንድ ፍቅር ማለት ነው፤ እስኪነካ ድረስ ነው የሚያምረው።

ጠብታ ለዚህ መላ አገኘለት። ላሜራውን ከመቀቀሉ በፊት ጥርስ ባለው ሮለር ውስጥ ያሳልፈዋል። ሮለሩ እንደ ማር እንጀራ ያሉ፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታዩ ጉድጓዶች ያትምበታል። ውሃ የሚሸሸው ስስ ነገር ጉድጓዶቹ ውስጥ ተጠልሎ ይቀመጣል፤ የሚፈገፈገው ጨርቅ ግን የጉድጓዶቹን ግድግዳ አናት ብቻ ነክቶ ያልፋል። ይህን ሲያስብ ስንት ወር እንቅልፍ እንዳጣ እናቱ ናቸው የሚያውቁት።

አሁን ወደ መስኮቷ። አባትየው ፋብሪካውን ሲከፍቱ አንድ ፈታሽ የጓደኛውን ሥራ ዓይኑን ጨፍኖ አሳልፎ ጉድ አፍልቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሠሪና በፈታሽ መካከል ግድግዳ አቆሙ፤ ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት አስከፈቱ። ሠሪው ላሜራውን ስም ሳይጽፍበት ለመስኮቷ ጠባቂ ይሰጣል፤ ጠባቂዋ ምልክት አድርጋ ለፈታሿ ታሳልፋለች። የማን ሥራ እንደሆነ የምታውቀው ጠባቂዋ ብቻ ናት። ሴትዮዋ ከፋብሪካው እኩል ያረጁ፣ ቀልደኛ፣ አፋቸው እንደ ካዝና የተቆለፈ ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል።

ላሜራ ደግሞ የሚያዘው በማዕዘኑ ነው። ፊቱን በጣት ከነኩት የጣት ቅባት ይቀርበትና ውሃው እዚያ ጋ ተጣብቆ ይቀራል። ጓንት እንዳይደረግ ብናኙ ያበላሻል። ስለዚህ ልጅቷ በባዶ እጇ፣ ሹል ሹል ማዕዘን እየጨበጠች ነበር የምትሠራው። ጣቶቿ ፕላስተር አጥተው አያውቁም ነበር።

አንድ ሰሞን ግን ከሚመጡላት ላሜራዎች አንዳንዶቹ ማዕዘናቸው የተሞረደ ሆነ። ለስለስ ያለ፣ ክብ ያለ። ማንም አላዘዘም። በዚያው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ውሃ ታንከሩ ሥር ጥላ ላይ፣ ጠብታ ጣቷን አየት አድርጎ «ዳነልሽ እንዴ?» አላት። ብልጥ ናት፤ ገባት። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። የዚያን ዕለት ከሰዓት መስኮቷ ስትከፈት የተሞረደ ማዕዘን እጇ ሲገባ ልቧ ድው ድው አለ።

ይህን ለአባቷ መናገር ነበረባት። «የአንዱ ሥራ የማን እንደሆነ ለይቻለሁ» ብትል በሌላ ፈታሽ ይተኳት ነበር፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ግን እንዴት ትናገር? ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው ያንን ማዕዘን መጨበጥ ሆኖ ነበር። ደስታዋን ዝም ብላ በላች።

*

ጠብታ ወደ ቤታቸው መጥቶ አባቷን ፊት ለፊት ሊያናግራቸው እንደሚፈልግ ሲነግራት እሷ አባቷን ቀድማ ማናገር ፈለገች። ስትነግራቸው አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የልብስ ሰፊዋን ልጅ ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«ዘመዶቻችን ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ስማቸውን ከምንም በላይ የሚወዱ ሰው ናቸው። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ያ በሮለር የሚያትመው ላሜራ በዚህ ሳምንት ለፍተሻ ይገባል። የምትፈትሺውም አንቺ ነሽ፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ። ካለፈ የፋብሪካው ዋና ሠሪ አደርገዋለሁ፤ በፊት ለፊቱ በር ቤቴ ይግባ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ካላለፈ ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ደግሞ ልጄ፣ ለሱ ብለሽ አዘንብለሽ ከሆነ፣ አንድ ሰው እንኳ ከጠረጠረሽ፣ ላሜራውም ሰውዬውም የሉም።»

ለጠብታ አልነገረችውም። ስለ ላሜራ እንዳያወሩ መስኮቷ ከልክላቸዋለች። ብቻ በማግስቱ ምሳ ላይ ሲያያት ዓይኗን ሰበረች። እሱ ሐሳቧን የቀየረች መስሎት ሆዱ ባባ፤ እሷም ሆዱ እንደባባ አይታ ሆዷ ባባ። ሁለቱም ያልበሉትን ምሳ ክዳን ገጥመው ተለያዩ።

*

በፍተሻው ቀን መስኮቷ ተከፈተች። እትዬ ላሜራውን ሲያቀብሏት ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ልጅቷ ግን ማዕዘኑን ስትጨብጥ አወቀችው። ከወትሮው የበለጠ ለስልሷል። ያን ቀን ሞረዱን ስንቴ እንዳመላለሰበት አስቡት።

ውሃ አንጠባጠበችበት። ጠብታው ላሜራው ላይ ቆሞ እንኳ አላሰበም፤ ተንከባሎ ወደቀ። ሁለተኛውም፣ ሌላውም። ስታየው እንባዋ መጣ።

ቀጥሎ መፈግፈግ ነበር። ማሽኑ ክንድ አለው፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ጨርቁ ላይ ደግሞ ብረት ይጫናል። ሁለት ዓይነት ብረት ነበር። ቀላሉ የሰው እጅ በጨርቅ ሲወለውል የሚያሳርፈውን ያህል ነው፤ ለሳጥን ላሜራ የሚጫነውም እሱ ነው። ከባዱ ግን ሰው ለሚረግጠው ለወለል ላሜራ የተዘጋጀ ነው።

እጇን ወደ ቀላሉ ሰደደች። ከዚያ የአባቷ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ። «አንድ ሰው እንኳ ከጠረጠረሽ።» አክስቶቿ ታዩዋት። ሌሎቹ ሠሪዎች ሲንሾካሾኩ ታዩዋት። «ልጅቷ ለውሽማዋ አሳለፈችለት» ሲሉ ሰማች። እጇን ከቀላሉ ላይ አነሳች።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ሐሳቡ ደግሞ ያኔ የጀግና ሐሳብ መስሏት ነበር። ከባዱን ብጭንበትስ? ከባዱን ከቻለማ ማን አፉን ይከፍታል? አባዬ ራሱ አንገቱን ይደፋል! የሷ ሰው የማንንም ምሕረት የማይፈልግ መሆኑን ታሳያለች። ይችላል፤ እሱ የሠራው ነው፣ ይችላል።

ከባዱን ጫነችበት።

ማሽኑ ክንዱን እያመላለሰ ሲያጉረመርም ጥግ ቆማ ጣቶቿን አጣምራ ጠበቀች። ሲቆም ጨርቁን አነሳች። ላሜራው መሐሉ ላይ አንጸባርቆ ነበር። ማንጸባረቁን ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ምክንያቱም የሚያንጸባርቀው የጉድጓዶቹ ግድግዳ ሲደፈጠጥ ነው። የውሃ ጠብታ ጣለችበት። ጠብታው አልተንቀሳቀሰም። ተንጣሎ ቀረ። ላሜራውን አዘነበለችው፤ ጠብታው ተጎትቶ እርጥብ መስመር ትቶ ቆመ።

ኧረ ምን ነካሽ በሏት እስቲ! ያኔ እንኳ ጊዜ ነበራት። በሩን ከፍታ «ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ቁራጭ አምጡልኝ፣ በቀላሉ ብረት ልየው» ብትል ያበቃ ነበር። ግን «ለምን ከባዱን ጫንሽ?» ቢሏት? «የሱ መሆኑን ስላወቅሁ» ልትል ነው። «በምን አወቅሽ?» «ማዕዘኑን ስለሚሞርድልኝ።» ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል? ልታድነው ፈልጋ ነው ይሏታል። ላሜራውን በመስኮቷ መለሰችው፤ እትዬም ዝቅ ብለው አዩዋት።

«ምን ልበላቸው?»

«አይሆንም» አለች።

*

ማምሻውን ወጥታ በሩ ላይ ጠብቃ ነበር እንዳትሉኝ፤ ተደብቃ ነበር። እሱ ነው ያገኛት፣ የውሃ ታንከሩ ሥር።

«አልቻለም አሉኝ።»

«አልቻለም።» ከአፏ የወጣው የቢሮ ድምፅ ነበር፤ ራሷም ጠላችው።

«በምን በኩል ነው?»

«ግድግዳዎቹ ተደፈጠጡ።»

እሷ ስድብ ጠበቀች። ምነው በሰደባት! «የሀብታም ልጅ፣ አባትሽን ፈርተሽ ነው» ቢላት፣ እሷም ጮሃ እውነቱን ታወጣው ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«እጅሽን አምነዋለሁ» አለ። «አንቺ አልቻለም ካልሽ አልቻለም። እኔ ነኝ የሆነ ቦታ የሳትኩት።»

ከዚያ በኋላ ሮለሩን ጨርቅ አልብሶ አስቀመጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ታንከሩ ሥር መምጣት አቆመ። ከቀናት በኋላ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ሩቅ አገር ያለ አንድ ዘመዱ የብረት በር ቀለም የሚቀባበት ቤት አለው፤ እዚያ ሊገባ ነው ሲሉ ሰማች። ውሃ የሚሸሽ ላሜራ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ሊተወው ነው አሉ። ይህን የነገሯት እትዬ ናቸው፤ ሲነግሯትም ዓይን ዓይኗን እያዩ ነበር።

ምግብ አልወርድ አላት። አጥታው ብቻ ቢሆን፣ ለራሷ አልቅሳ ትተወው ነበር። የቆረጣት ሌላ ነው። በሷ ቃል ምክንያት ልጁ በእጁ ላይ ያለውን እምነት አጣ። የሌለበትን ስህተት ፍለጋ ራሱን ሲያደክም እሷ እውነቱን አፏ ውስጥ ይዛ ተቀምጣለች።

*

እሑድ ከሰዓት ቤቱን አጠያይቃ ሄደች። እሱ አልነበረም፤ እናቱ ደጃፉ ላይ ሳፋ ላይ አጎንብሰው ዕቃ ያጥቡ ነበር።

«ማን ልበል የኔ ልጅ?»

«ከፋብሪካው ነኝ። የሥራ ባልደረባው ነኝ።»

«ውይ፣ ግቢ ግቢ! ነገ መንገደኛ ነው፤ ሊሰነባበት ወጥቷል፣ አሁን ይመጣል። ተቀመጪ እዚህ፣ እንዳይረጭብሽ ብቻ።»

ከሳፋው ኋላ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ላሜራ በምስማር ተመትቷል። ልጅቷ ስታየው ማዕዘኑን ነው መጀመሪያ ያየችው፤ የተሞረደ ነው። እናትየው ድስት ሲያለቀልቁ ውሃው ላሜራው ላይ ተረጨ። የተረጨው ሁሉ ዶቃ ዶቃ ሆኖ እየተሽቀዳደመ ወረደ። አንዲት እንኳ የቀረች የለችም።

«ይሄ መቼ ነው የተሰቀለው?» አለች።

«ኧረ ቆየ እባክሽ! ባለፈው ክረምት ነው። ግድግዳው ውሃ በተረጨበት ቁጥር ሲበሰብስብኝ አይቶ ሠራልኝ። እኔ ደግሞ ዕቃ ባጠብኩ ቁጥር በዚሁ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ሳይወለወል ያደረበት ቀን የለም።» እናትየው ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለፈው ተናዶ ነቅሎ ሊጥለው ነበር። የማይረባ ነገር ነው፣ ፋብሪካ ተፈትሾ ወድቋል አለኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ለኔ እየሠራ ነው እኮ አልኩት። የምትፈትሸው ልጅ በጣም ጎበዝ ናት፣ እማዬ አንቺ አታውቂም፣ እሷ አይረባም ካለች አይረባም አለኝ። እንደው ያቺን ልጅ ባገኛት! እጇን ይዤ እዚህ አምጥቼ፣ ነይ ይሄን እይልኝ እላት ነበር።»

ልጅቷ ተንበረከከች። እናትየው ደንግጠው የረጠበ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ያዟት። «ምነው የኔ ልጅ? አመመሽ እንዴ?» እሷ ግን ላሜራውን ይዛ ነው የምታለቅሰው።

ጠብታ የደረሰው እንዲህ እንዳለች ነው። በሩ ላይ ቆሞ አያት፣ እናቱን አየ። «እማዬ፣ አንዴ ብቻችንን ተይን» አለ። እናትየው ገና አሁን ማን እንደሆነች ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሁሉንም ነገረችው። የአባቷን ቃል፣ ቀላሉን ብረት፣ ከባዱን ብረት፣ ዝምታዋን። አንዲት ነገር አላስቀረችም። ስትጨርስ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለሷ አልነበረም።

«ስለዚህ ላሜራው ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ምንም አልሳትኩም?»

«ምንም አልሳትክም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ አየች። ሲያለቅስ ይሁን ሲስቅ መለየት አቅቷት ቆመች። ሁለቱም ነበር።

«የት ጋ ነው የሳትኩት እያልኩ» አለ በመጨረሻ፣ «እብድ ልሆን ነበር እኮ።» ከዚያ ቀና አለ። «ቆይ፣ የኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ማዕዘኑን ስለምትሞርደው።»

«እንድታውቂኝ ብዬ መስሎሽ ነው?» ደነገጠ። «ጣትሽ እንዳይቆረጥ እኮ ነው። ፕላስተሩን አይቼብሽ አንጀቴን በላሽው። በሱ ታውቂኛለሽ ብዬ አስቤም አላውቅ። ብገምትማ የሁሉንም ላሜራ እየዞርኩ እሞርድልሽ ነበር።»

ይህን ሲላት ከበፊቱ የባሰ አለቀሰች።

«ስላመንኩህ ነው» አለች። «እመነኝ፣ ከባዱን የጫንኩት ስላመንኩህ ነው። ትችላለህ ብዬ ነው። ማንም አፉን እንዳይከፍትብህ ብዬ።»

ጠብታ አያት። ዓይኑ ውስጥ ፍቅር ነበር፤ ይህን ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ደክሞት ነበር።

«ብታምኚኝማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቀላሉ ይበቃ ነበር።»

«አትሂድ። በኔ ሞት አትሂድ። ነገ አባቴ ፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ ፊት እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። ለላሜራው ስትይ ተናገሪ፤ ልፋቴ ነው።» ተነሳ። ምስማሮቹን በጉጠት እየነቀለ ላሜራውን ከግድግዳው አወረደና በማዕዘኑ ይዞ ሰጣት። «እወድሻለሁ። ይሄን ደብቄ አላውቅም። ግን አንቺ ጋ ስኖር ዕድሜዬን ሙሉ ከባዱ ብረት እንደተጫነብኝ ነው የምኖረው። አክስትሽ መጣች ከባዱ፣ አባትሽ ቀና አለ ከባዱ። ሳጥን ነኝ እኔ፣ ወለል አይደለሁም። በልኬ የሚያየኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

እጁን ልትይዝ ፈለገች፤ ግን ሁለቱም እጆቿ ላሜራውን ይዘው ነበር። መሬት ላይ ማስቀመጥም አልሆነላትም፣ ፊቱ እንዳይቧጠጥ ፈራች። እንዲሁ ተፋጠው ቆሙና እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ።

*

በማግስቱ ጠዋት ሠሪዎቹን በሙሉ፣ አባቷንም፣ እትዬንም ፍተሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ስለ ማዕዘኑም ተናገረች። ከዚያ ብረቱን እሷ እንዳትነካው ጠይቃ፣ እትዬ ጠብታ የሰጣት ላሜራ ላይ ቀላሉን ብረት ጫኑ፤ ማሽኑን አስነሱ፤ ሲቆም ውሃ አንጠባጠቡ። ጠብታው ከእናትየው ሳፋ ኋላ ይንከባለል እንደነበረው ተንከባለለ። ከሠሪዎቹ አንዱ «ወይ ጠብታ!» ብሎ አፉን ያዘ።

አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁሽ?» አሉ። መልሱን ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ አባትየው ወደ ሠሪዎቹ ዞሩ። «መኪና ላኩ። ልጁ ይምጣ። በፊት ለፊት በር ይግባ።»

ሹፌሩ በሮ ሄደ። ሲመለስ ከኋላው ወንበር ላይ ማንም አልነበረም። ልጅቷ ግቢው መሐል ቆማ ነበር፤ የመኪናውን መስኮት ዝቅ እስኪያደርግ አልጠበቀችም፤ በሩን ከፈተችው።

«ማለዳ ተሳፍሯል» አላት። «እናትየው ግን መልእክት ሰጥተውኛል። ከፋብሪካው ሰው ከመጣ ንገሪልኝ ብሎ ትቶላቸው ነው የሄደው። የሮለሩ ጥርስ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይቀንሳል፣ ሳትዘገዩ ለውጡት ብሏል።»

«ሌላስ?»

ሹፌሩ ቀና ብሎ አያትና መልሶ መሪውን አየ። «ሌላ ምንም እህቴ።»

*

አሁን ፋብሪካው የሚሠራው በጠብታ ሮለር ነው። ላሜራው ይሸጣል፣ ሳጥኖቹም ዝናብ ላይ ይቆማሉ። «ወይዘሪት አይሆንም» የሚላት ሰው ቀርቷል፤ ፍተሻውን ራሷ ጠይቃ ለሌላ ሰው አስረከበች። እትዬ ያረጀ ወገባቸውን እያሻሹ መስኮቷ ላይ እንድታግዛቸው ወሰዷት። ከሠሪዎቹ ተቀብላ ወዲያ ታሳልፋለች፤ የማን እንደሆነ እያወቀች ማንንም አለማወቅ ሥራዋ ሆኗል።

የመጀመሪያው ቀን መስኮቷ ላይ አዲስ የተቆረጡ ላሜራዎች ተደርድረው መጡላት። የሱ ጉድጓዶች፣ የሱ ሥራ። ውሃ እንኳ ሳትጥልበት ታውቀዋለች። ደስ አላት መሰለኝ፤ ወይም ደስታ የመሰለ ነገር ተሰማት። የላይኛውን በማዕዘኑ ጨበጥ አድርጋ አነሳችው።

ቆረጣት። ጣቷ ላይ ደም ፈሰሰ፤ ላሜራው ላይም አንዲት ጠብታ ወድቃ ተንከባለለች።

«ምነው ልጄ!» አሉ እትዬ መሐረባቸውን እየመዘዙ። «እንዲህ ተደርጎ ይያዛል እንዴ? ማዕዘኑን ሳታይ?»

«ለምዶብኝ ነው እትዬ» አለች፤ ማዕዘኑን ግን አልለቀቀችውም።